ሩዶልፍ ዲዝል፤ ስሙ ሞተር ላይ የቀረው መሐንዲስ

ከወልዲያ ተነስቶ በድልብ በኩል ወደ ኩልመስክ፣ ከዚያም ወደ ላሊበላ የሚያቀና የጭነት መኪና ዳገቱን መያዙ ከሩቅ ይታወቃል፡፡ መጀመሪያ የሞተሩ ጩኸት ይሰማል፡፡ ቀጥሎ ከመታጠፊያው ጥግ ጥቁር ጭስ ብቅ ይላል፡፡ መኪናው ራሱ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ሾፌሩም፣ ረዳቱም፣ መንገድ ዳር ዕቃውን የሚጠብቀው ነጋዴም ይህን ሞተር የሚጠሩት የናፍጣ ሞተር ብለው ነው፡፡ ዲዝል የሚለው ቃል በየመኪናው ላይ ተለጥፎ ቢታይም የሰው ስም መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው፡፡

ዲዝል ግን ሰው ነበር፡፡ ያውም ዛሬ በየጋራዡ የሚነሳውን ጥያቄ፣ ማለትም ከአንድ ሞተር ምን ያህል ጉልበት ቢጨመቅ ሞተሩ ሳይሰበር ይቆያል የሚለውን፣ ከሁሉ ቀድሞ የሞከረ፣ ከሁሉ ቀድሞም የተቀጣበት ሰው ነበር፡፡ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል፡፡

ሩዶልፍ ዲዝል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ከተማ ውስጥ ነው፡፡ ወላጆቹ ከባቫሪያ የሄዱ ጀርመኖች ነበሩ፡፡ አባቱ ቴዎዶር ከአውግስቡርግ የመጣ መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ሥራ ባለሙያ ሲሆን፣ እናቱ ኤሊዘ ስትሮብል የኑረምበርግ ተወላጅ ነበረች፡፡ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ነበር፡፡ በ1870 ፈረንሳይና ፕረሺያ ጦርነት ሲገጥሙ ፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች አገር ልቀቁ ተባሉና ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፡፡ ለንደንም አልተመቸቻቸውም፡፡ እናትየው የ12 ዓመቱን ልጅ አጎቱና አክስቱ ዘንድ እንዲያድግ ብቻውን ወደ አውግስቡርግ ላከችው፡፡ አጎትየው ክሪስቶፍ ባርኒክል በከተማው የሙያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነበር፡፡ የልጁ ዕጣ የተወሰነው እዚያ ነው፡፡

በ14 ዓመቱ መሐንዲስ እንደሚሆን ለወላጆቹ ጻፈላቸው፡፡ እነርሱ የሚፈልጉት ቶሎ ደመወዝ እንዲያገኝና እንዲደግፋቸው ነበር፡፡ እሱ ግን በ1875 ሙኒክ ለሚገኘው ፖሊቴክኒክ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲያገኝ ምክራቸውን ትቶ ገባ፡፡ ከመምህራኑ አንዱ የማቀዝቀዣ መሣሪያ በመሥራት ስሙ የገነነው ካርል ፎን ሊንደ ነበር፡፡ ሊንደ ለተማሪዎቹ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ከሰል ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከመቶ አሥር እጅ ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ መሆኑን አስተማራቸው፡፡ የቀረው በጭስ ማውጫ ይሄዳል፡፡ ወጣቱ ዲዝል ይህን ሰምቶ ዝም ማለት አልቻለም፡፡ ፈረንሳዊው ሳዲ ካርኖ በወረቀት ያስቀመጠውን ፍጹም የሙቀት ሞተር በብረት የመሥራት ሐሳብ ደብተሩ ኅዳግ ላይ ጻፈ፤ ከዚያ በኋላ ሐሳቡ አልለቀቀውም፡፡

በታይፎይድ ታሞ ፈተናው ቢያመልጠውም በጃንዋሪ 1880 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፡፡ ከዚያ አሥር ዓመት የሊንደ የማቀዝቀዣ ድርጅት ሠራተኛ ሆኖ በፓሪስ ኖረ፤ በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች አፈራ፡፡ በትርፍ ጊዜው በአሞኒያ ትነት የሚሠራ ሞተር ሲሞክር መሣሪያው ፈንድቶበት ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር፡፡ ሆስፒታል ውስጥ ወራት ተኝቶ ወጣ፡፡ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር፡፡

ዲዝል በፌብሩዋሪ 1892 በርሊን ላይ ለፈጠራው የባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ፤ በማግሥቱ ዓመትም ተፈቀደለት፡፡ ሐሳቡ ሲሰሙት ቀላል ነው፡፡ የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው መንፊያው ጫፉ ላይ እንደሚሞቅ ያውቃል፡፡ አየር ሲታመቅ ይግላል፡፡ በደንብ ከታመቀ ደግሞ ናፍጣ ሲረጭበት ያለ እሳት ይነዳል፡፡ የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ካንዴላ የሌለው ለዚህ ነው፡፡ ከመታመቅ በሚገኝ ሙቀት ነዳጅ ማቀጣጠልን ሌሎችም አስበውት ነበር፤ በተለይ እንግሊዛዊው አክሮይድ ስቱዋርት በ1890 የራሱን ሞተር ፈጥሮ ነበርና እስከ ዛሬ ቀዳሚው ማነው የሚለው ክርክር አልበረደም፡፡ የአክሮይድ ሞተር ግን ለመነሳት ከውጭ በእሳት መጋልን ይፈልግ ነበር፡፡ የዲዝል ሞተር የራሱ ጭነት ብቻ ይበቃዋል፡፡

ችግሩ የጀመረው ከቁጥሩ ነው፡፡ ዲዝል በ1893 ባሳተመው መጽሐፍ አየሩ እስከ 250 አትሞስፌር ድረስ እንዲታመቅ ሐሳብ አቀረበ፡፡ ይህ ማለት በእያንዳንዷ የፒስተን ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሩብ ቶን ያህል ክብደት ይጫናል ማለት ነው፡፡ በዘመኑ ይህን የሚችል ሲሊንደር አልነበረም፡፡ ቢኖር እንኳ ሞተሩ አየሩን ለማመቅ የሚያወጣው ጉልበትና ሰበቃው ተደምሮ ትርፉን ይበላዋል፡፡ ይህን ሌሎች ሊቃውንት ነገሩት፡፡ እሱም በገዛ ስሌቱ ደረሰበትና የእሳቱን አነዳድ ለውጦ በዚያው ዓመት ሁለተኛ የባለቤትነት ማመልከቻ አስገባ፡፡ በአደባባይ ግን ተሳስቼ ነበር አላለም፤ ይህ ኋላ ላይ በየፍርድ ቤቱ ሲያከራክረው ኖሯል፡፡

የአውግስቡርግ ማሽን ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪሽ ፎን ቡዝና የክሩፕ ኩባንያ ወጪውን ሸፍነው ሙከራው ተጀመረ፡፡ ኦገስት 10 ቀን 1893 በፋብሪካው ቀበቶ እየተገፋ የሚዞረው የመጀመሪያው ሞተር ውስጥ ነዳጅ ተረጨ፡፡ ነዳጁ ነደደ፤ ግፊቱ ወደ 80 አትሞስፌር ተወነጨፈና የግፊት መለኪያው ተበታተነ፡፡ ስብርባሪው ዲዝልንና ረዳቶቹን ለጥቂት ሳታቸው፡፡ ሲሊንደሩ አየር ያፈስሳል፣ ፋሻው አይይዝም፣ ጓርኒሽኑ ይበሳል፡፡ የኛ አገር መካኒክ ያንን ሞተር ቢያይ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ቴስታታው ይውረድ ይል ነበር፡፡

ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ በደቂቃ 88 ጊዜ እየዞረ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ሠራ፡፡ ቀበቶው ሞተሩን መጎተቱ ቀርቶ በሞተሩ መጎተቱን ያየው ባለሙያ ምንም ሳይናገር ባርኔጣውን አነሳ ይባላል፡፡ ከዚያ ሌላ ሦስት ዓመት ፈጀ፡፡ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር የመረመረው ሞተር ቁመቱ ሦስት ሜትር ያህል፣ ሲሊንደሩ አንድ ብቻ፣ ጉልበቱ ወደ 20 የፈረስ ጉልበት ነበር፡፡ ከነዳጁ ሙቀት 26.2 በመቶውን ወደ ሥራ ለወጠ፡፡ በጊዜው ይህን የሚያህል ሌላ ሞተር አልነበረም፡፡ የመታመቂያው ግፊት ስንት ነበር? ከ30 አትሞስፌር ብዙም የማይበልጥ፡፡ በመጽሐፉ ላይ ካለው 250 አንድ ስምንተኛ ገደማ መሆኑ ነው፡፡ ሞተሩ ሞተር የሆነው ዲዝል ከቃል ኪዳኑ አብዛኛውን ከተወ በኋላ ነበር፡፡

እዚህ ላይ ወደ ላስታ ዳገት ጥቂት እንመለስ፤ ነገሩ አንድ ነውና፡፡

በናፍጣ ሞተር ጉልበቱን የሚወስነው የነዳጁ መጠን ነው፡፡ ሞተሩ አየሩን እንደ ልቡ ይስባል፤ የሚመጠነው ነዳጁ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ አንድ መካኒክ የፖምፓውን የነዳጅ ጣሪያ የያዘችውን፣ ፋብሪካው ያሸጋትን ቡሎን ጥቂት ቢያዞራት መኪናው ያንኑ ዕለት ጉልበት ያገኛል፡፡ ሾፌሩ ይደሰታል፡፡ ትናንት በአንደኛ ማርሽ ያቃሰተበትን ዳገት ዛሬ በሁለተኛ ይወጣዋል፡፡ በኛ አገር አልቃይዳ የሚል ቅጽል እስከ መውጣት የደረሱት አይሱዙዎች ስማቸውን ያተረፉት በፍጥነታቸውና በአደጋቸው እንጂ በሌላ አይደለም፡፡

ሒሳቡ ግን አልተዘጋም፡፡ ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፡፡ እዚያ ያለው አየር ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፡፡ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጅቡቲ ላይ ልክ የነበረው ነዳጅ ላስታ ላይ ይተርፈዋል ማለት ነው፡፡ በዚህ ላይ ሌላ ነዳጅ ሲጨመርበት አየር ያላገኘው ግማሹ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ግማሹም ዘግይቶ እየነደደ ፒስተኑንና ቫልቩን ያግላል፡፡ አልሙኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ በከባድ ጭነት ከሞተር የሚወጣው ጭስ ደግሞ 700 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፡፡ ፒስተኑ ሳይቀልጥ የሚኖረው ዘይትና ውሃ ሙቀቱን ስለሚቀበሉት ብቻ ነው፡፡ ዳገት ላይ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ራዲያተሩ ነፋስ አያገኝም፡፡ ከፍታው ራሱ ውሃን በ92 ዲግሪ ገደማ ያፈላዋል፤ የራዲያተሩ ክዳን ካረጀና ግፊት ካልያዘ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፡፡ ጓርኒሽኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ውሃ ከዘይት ይቀላቀላል፡፡ ያልነደደው ናፍጣ ደግሞ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ዘይቱን ያቀጥነዋል፤ የኮሎዶካው መቀመጫ ይበላል፡፡ ሞተሩ የሚቆመው እንግዲህ ቡሎኗ የዞረች ቀን አይደለም፡፡ ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም የገበያ ቀን ዋዜማ፣ እህል ጭኖ ገደል አፋፍ ላይ ነው፡፡ ያን ጊዜ መካኒኩ የለም፤ የባንክ ወይም የእቁብ ዕዳ ያለበት ባለ መኪና ብቻ ነው ያለው፡፡

ነዳጁ የሚረጭበትን ሰዓት ማስቀደምም ሌላው ዘዴ ነው፡፡ ጉልበት ይጨምራል፤ ግን ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ እሳቱ ይቀበለዋል፡፡ ያ በመዶሻ የመምታት ያህል ድምፅ የሚያሰማው ነገር ዲዝል በ1893 መለኪያውን የበተነበት ግፊት የቅርብ ዘመድ ነው፡፡ በኮምፒዩተር የሚታዘዙት አዳዲስ መኪኖች ቡሎን ባይኖራቸውም ፕሮግራማቸውን በመቀየር ያው ይደረጋል፡፡ በእነዚህ ላይ ነዳጁ የሚረጨው በ1,600 ባርና ከዚያ በላይ በሆነ ግፊት ስለሆነ ቆሻሻ ወይም ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ኖዝሉን ያበላሸዋል፤ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ደግሞ ፒስተን ይበሳል፡፡

ይህ ሁሉ ሲባል ጉልበት መጨመር ፈጽሞ አይቻልም ለማለት አይደለም፡፡ ትክክለኛው መንገድ አየሩን አስቀድሞ ነዳጁን ማስከተል ነው፡፡ ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡኪ በ1905 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ቱርቦ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ይገፋል፡፡ በ1926 ሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ ሲገጠም የሞተራቸውን ጉልበት ከ1,750 ወደ 2,500 የፈረስ ጉልበት አደረሰው፡፡ ለደጋ አገር የተፈጠረ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ሆኖም ቡኪ ይህን ለማድረግ ሃያ ዓመት ገደማ ደክሟል፤ ቱርቦውን ብቻ ሳይሆን ማቀዝቀዣውን፣ የቫልቩን አከፋፈት፣ ሁሉን አብሮ አስተካክሏል፡፡ ግማሽ ሰዓት አልበቃውም፡፡

ወደ ዲዝል ታሪክ እንመለስ፡፡ የ1897ቱ ውጤት በተሰማ ጊዜ የዓለም ባለሀብት አውግስቡርግ ላይ ወረደ፡፡ አሜሪካዊው የቢራ ጌታ አዶልፈስ ቡሽ የአሜሪካና የካናዳን መብት በአንድ ሚሊዮን ማርክ ገዛ፡፡ ከሩሲያ የኖቤል ቤተሰብ መጣ፡፡ በ1898 የዲዝል መብቶች ለአንድ ኩባንያ በ3.5 ሚሊዮን ማርክ ተላለፉ፡፡ በ40 ዓመቱ የመጽሐፍ ጠራዡ ልጅ ሚሊየነር ሆነ፡፡

ሞተሩ ግን ለሽያጭ አልደረሰም ነበር፡፡ አንድ ሞተር በፕሮፌሰሮች ፊት፣ ሠሪዎቹ ከጎኑ ቆመው ሲሠራ ማየት አንድ ነገር ነው፤ ተራ ሠራተኛ እጅ ላይ ከዓመት ዓመት መሥራቱ ሌላ ነው፡፡ በ1898 ኬምፕተን ከተማ ያለ የክብሪት ፋብሪካ የገዛው ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ የ60 ፈረስ ጉልበት ሞተር ዕረፍት የሚነሳ ሆነ፡፡ የነዳጅ መርጫው ይዘጋል፣ አየር መጭመቂያው ይበላሻል፡፡ ዲዝል ራሱ አውግስቡርግ ውስጥ ባቋቋመው ፋብሪካ የተሠሩት ደግሞ እየተመለሱ መጡ፤ ፋብሪካው በእግሩ ሳይቆም ከሰረ፡፡ ስሙ የተጠራበት ሰው በዚያው ዓመት መንፈሱ ታውኮ ሙኒክ አጠገብ ማገገሚያ ገባ፡፡ ሞተሩን ያዳኑት ቡዝና እንደ ኢማኑኤል ላውስተር ያሉ ስማቸው እምብዛም የማይነሳ የፋብሪካ መሐንዲሶች ናቸው፡፡ የሚሰበረውን እያወፈሩ፣ የሚዘጋውን እየለወጡ፣ ጉልበቱን ሳይሆን ጤናውን እያዩ ዓመታት ሠሩ፡፡ ለእኔ የናፍጣ ሞተር ሁለተኛ ልደት ይህ ነው፡፡

ከዚያ በኋላ ሞተሩ ወደ ኋላ አላለም፡፡ በ1900 የፓሪስ ኤግዚቢሽን ታላቁን ሽልማት አገኘ፤ እዚያው አንድ ትንሽ የናፍጣ ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ፡፡ (ኑግ የሚዘራ አገር ይህን ሲሰማ ልቡ ቢከጅል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ያልተጣራ ዘይት የዛሬዎቹን ኖዝሎች እንደ ሙጫ ይደፍናቸዋል፡፡) በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ ያለ ከሰልና ያለ እንፋሎት ከኮፐንሃገን እስከ ባንኮክ ሄደች፡፡

ሰውየው ግን እየጠለቀ ነበር፡፡ ሙኒክ ውስጥ ያሠራው ቤተ መንግሥት የሚያህል ቤት ወደ 900,000 ማርክ ፈጀ፡፡ በመሬት ንግድ ገንዘቡን ከሰረ፣ በጋሊሲያ የነዳጅ ጉድጓዶች ከሰረ፣ የቀረው በፍርድ ቤት ክርክር አለቀ፡፡ የማይግሬን ራስ ምታቱ አይለቀውም፡፡ ይህ ሁሉ ሲሆን ከውጭ የሚያየው ሰው ባለጠጋ ነበር የሚመስለው፤ በ1912 አሜሪካ ሄዶ ንግግር ሲያደርግ በክብር ነው የተቀበሉት፡፡

አንድ ነገር ሳያይ ሞቷል፤ የናፍጣ ጭነት መኪና፡፡ በ1908 ገደማ ለመኪና የሚሆን ትንሽ ሞተር ሞክሮ አልሆነለትም፡፡ በእርሱ ዘመን ነዳጁን የሚረጨው የታመቀ አየር ስለነበር ከባድ መጭመቂያ መሸከም ግድ ነበር፡፡ ማንና ቤንዝ የናፍጣ መኪና ያወጡት በ1920ዎቹ አጋማሽ ሲሆን፣ ሮበርት ቦሽ በ1927 ፖምፓውን በብዛት ማምረት ሲጀምር መንገዱ ተከፈተ፡፡ አባቶቻችን ኤንትሬ ብለው ያወቁት ፊያት 682 የዚያ ዘር ነው፤ ከባድ፣ ዘገምተኛ፣ ለጉልበቱ ሲበዛ ትልቅ ሞተር ያለው፣ ስለዚህም የማይሞት፡፡ በየገጠሩ ያለው የናፍጣ ወፍጮም እንዲሁ፡፡ ሊስተር የተባለው የእንግሊዝ ሞተር በደቂቃ 650 ጊዜ ብቻ እየዞረ ስድስት የፈረስ ጉልበት ይሰጥ ነበር፡፡ ዛሬ በዚያ ክብደት አሥር እጥፍ ማውጣት ይቻላል፡፡ እናቶች እህል ተሸክመው ሰዓታት በሚሄዱበት አገር ግን የሚፈለገው ነገ ጠዋትም የሚነሳው ነው፡፡

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ማታ ዲዝል ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዟ ሃሪች የምትሄደውን ድሬስደን የተባለች መርከብ ተሳፈረ፡፡ እንግሊዝ ውስጥ ኢፕስዊች ከተማ ለሚቋቋመው የናፍጣ ሞተር ፋብሪካ ጉዳይ ነበር የሚሄደው፡፡ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር እራት በላ፤ መርከቡ ላይ ተንሸራሸሩ፤ አራት ሰዓት ገደማ ሲሆን ጠዋት በ12 ሰዓት ከሩብ እንዲቀሰቅሱት አስታውቆ ወደ ክፍሉ ገባ፡፡ ጠዋት ክፍሉ ባዶ ነበር፡፡ አልጋው አልተተኛበትም፡፡ የሌሊት ልብሱ ተዘርግቷል፣ ሰዓቱ ከአልጋው በሚታይ ቦታ ተቀምጧል፡፡ ባርኔጣውና ካፖርቱ ታጥፈው ከመርከቡ ኋላ ከአጥሩ ሥር ተገኙ፡፡ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ በዚያ ቀን ትይዩ የመስቀል ምልክት ነበር፡፡

ጋዜጦች የእንግሊዝ ሰላዮች ገደሉት፣ የጀርመን መንግሥት አስገደለው፣ የነዳጅ ባለሀብቶች አጠፉት እያሉ ጻፉ፡፡ አንዱም ማስረጃ አልቀረበበትም፡፡ ለባለቤቱ ለማርታ ከመሄዱ በፊት አንድ ቦርሳ ሰጥቷት፣ ሳምንት ሳይሞላ እንዳትከፍተው አሳስቧት ነበር፡፡ ስትከፍተው ጥሬ ገንዘብና የባንክ ሒሳቦቻቸው ባዶ መሆናቸውን የሚያሳዩ ወረቀቶች አገኘች፡፡ አብዛኞቹ ጸሐፊዎች ራሱን ወደ ባሕር ወርውሯል ወደሚለው የሚያዘነብሉት በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ከአሥር ቀን በላይ ከቆየ በኋላ አንዲት የሆላንድ ጀልባ ሰሜን ባሕር ላይ አስከሬን አገኘች፡፡ አስከሬኑ በጣም ተበላሽቶ ስለነበር ባሕረተኞቹ ከኪሱ የመድኃኒት መያዣ፣ የኪስ ቦርሳ፣ ሰንጢና የመነጽር ቤት አውጥተው መልሰው ለባሕሩ ሰጡት፡፡ ኦክቶበር 13 ቀን ልጁ ኦይገን ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ፡፡ መቃብር የለውም፡፡ በ1897 የተመረመረው ሞተር ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ቴክኒክ ሙዚየም ቆሟል፡፡ በ1957 ደግሞ ያንማር የተባለውን የናፍጣ ሞተር ኩባንያ የመሠረተው ጃፓናዊ ማጎኪቺ ያማኦካ አውግስቡርግ ከተማ መናፈሻ ውስጥ በዲዝል ስም የድንጋይ መታሰቢያ አቆመለት፡፡